ምኒልክን ዝም ያሰኘው ሕመም፣ ከካምባ ሆኖ ሲታይ

ካምባ ውስጥ አንድ አባት ጠዋት ከመኝታቸው ሊነሱ ሲሉ ግማሽ አካላቸው እምቢ አላቸው እንበል። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣሟል። ሊናገሩ ይሞክራሉ፣ ቃሉ ግን አይወጣም። ቤተሰቡ ይደናገጣል። አንዱ ምች ነው ይላል። ሌላው ማታ ደጅ ወጥተው ጥላ ወድቆባቸው ነው ይላል። ጎረቤት ሲሰበሰብ ደግሞ የጎሜ ነገር ይነሳል፦ ማንን አስቀየሙ? የትኛውን ክልክል ተላለፉ? ሽማግሌ ይጠራ፣ እርቅ ይውረድ ይባላል። ይህ ሁሉ ሲመከር ፀሐይዋ ከፍ እያለች ነው።

የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ውስጥ የሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የታመሙት ሰው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መሆናቸው ነው። የሚያማክሩት ጎረቤቶች መኳንንትና ሊቀ ጳጳስ ነበሩ፤ አንደበቱ የተዘጋውም የአንድ ቤት አባወራ ሳይሆን የአንድ አገር መንግሥት ነበር።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ናቸው። ገና በልጅነታቸው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ፣ ተማርከው መቅደላ ወጡ። አሥር ዓመት ያህል እዚያ ቆዩ። እስረኛ ቢባሉም በቴዎድሮስ ቤት እንደ ልጅ ነው ያደጉት፤ ጦርነትንም አስተዳደርንም ያዩት እዚያ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሸዋ ገቡና ነገሡ። ሃያ ዓመት አልፏቸው ነበር፣ ብዙም አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ንጉሠ ነገሥትነቱ ወደ ምኒልክ መጣ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የጣሊያንን ጦር ድል ነሡ። ስልክ አስገቡ፣ ባቡር አስጀመሩ፣ ባንክ ከፈቱ። በ1900 ዓ.ም. መኪና አዲስ አበባ ሲገባ ወጥተው ካዩትና ከተሳፈሩበት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። አዲስ ነገር ሲመጣ ዳር ቆሞ ማየት አይወዱም፤ ካልነኩት፣ ካልፈቱት፣ እንዴት እንደሚሠራ ካልጠየቁ አይሆንላቸውም ይባላል።

ጦራቸው ደቡቡንም ያዘ። የጋሞ ተራሮች ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የገቡት በዚሁ በ1880ዎቹ ነው። ተከትሎት የመጣው የገባር ሥርዓት በሽማግሌዎች ትዝታ ውስጥ ዛሬም አለ። ስለዚህ የምኒልክ ስም በአንኮበርና በካምባ እኩል ስሜት አይቀሰቅስም፤ ይህን መሸሸግ አያስፈልግም። እዚህ የማነሳው ግን ድል አድራጊውን ሳይሆን በሽተኛውን ሰው ነው። በሽተኛው ላይ የደረሰው ካምባም አንኮበርም ሳይል ይደርሳልና።

ሕመሙ በአንድ ቀን አልመጣም። መጋቢት 1898 ዓ.ም. የአክስታቸው ልጅና የሚተማመኑባቸው ራስ መኮንን ሞቱ። ከዚያው ዓመት ወዲህ የንጉሡም ጤና ይታወክ ጀመር። እስከ 1901 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ቀለል ያሉ ምቶች ተደጋገሙባቸው። ይይዛቸዋል፣ ይለቃቸዋል፤ እንደገና ደግሞ ይይዛቸዋል። የመጣባቸው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ነው። አባቶቻችን ምት ይሉታል፤ ስሙ ትክክል ነው፣ ሳያስጠነቅቅ እንደሚመታ ሰው ነውና። የምኒልክ ግን አስጠንቅቆ ነበር።

እሳቸውም ማስጠንቀቂያውን በመንግሥት ሥራ ረገድ ሰምተውታል። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሾሙ። ሁሉ ነገር በእሳቸው ቃል ብቻ የሚሄድበት አገር እሳቸው ቢተኙ እንዴት ይሁን የሚለው ጥያቄ ሳያሳስባቸው አልቀረም። ለጸበል ደብረ ሊባኖስ ድረስ ሄዱ። የውጭ ሐኪሞችም አልጎደሉባቸውም፤ ከጓዴሎፕ የመጡት ዶክተር ቪታልየን ለዓመታት አጠገባቸው ነበሩ፣ ኋላም ከጀርመን ሐኪም መጣ። ግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አወጁ። ኢያሱ ያን ጊዜ ገና አሥራ አምስት ዓመት አልሞላቸውም። ስለዚህ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆኑ።

ጥቅምት 1902 ዓ.ም. ትልቁ ምት መጣ። አካላቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተዘጋ። ዕድሜያቸው 65 ነበር።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ፤ ኑሮ ከተባለ። አገሪቱም አብራቸው ታመመች። እቴጌ ጣይቱ ሥልጣኑን በእጃቸው ያዙ፤ መኳንንቱ ተቃወሙና መጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌይቱ ከመንግሥት ሥራ ተገለሉ። ንጉሡ ተመርዘዋል የሚል ክስም ተነሳ፤ የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ አራገቡት። የበሽታው ምክንያት ሳይታወቅ ሲቀር ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል። በቤተ መንግሥት መርዝ አብሳይ ተፈለገ፣ በእኛ ሰፈር ደግሞ ጎሜ ይፈለጋል። ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞግዚቱ ራስ ተሰማም ሞቱ። ከዚያ በኋላ ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ የሚገዙ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሳይሞቱ የማይገዙ ሆኑ። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ግን ለሕዝቡ ወዲያው አልተነገረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱና የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ነገሡ። ከትልቁ ምት እስከዚያ ቀን ሰባት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውት ነበር። አንድ የደም ሥር አገር ሙሉ ሰባት ዓመት አናጋ ቢባል ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ያን ቀን በንጉሡ አንጎል ውስጥ ምን ሆነ? ይህን ለመረዳት ወደ አርባ ምንጭ ሙዝ ማሳ እንውረድ።

የመስኖ ቦይ ሁለት ዓይነት ጉዳት ይደርስበታል። ወይ ይደፈናል፣ ወይ ይፈርሳል። ከተደፈነ ማሳው ውኃ ተጠምቶ ይደርቃል። ከፈረሰ ደግሞ ውኃው ያለቦታው ፈስሶ ማሳውን ያጥለቀልቃል። ስትሮክም እንዲሁ ነው። አንዱ ዓይነት የደም ሥሩ በረጋ ደም ሲደፈን የሚመጣ ነው። ሌላው የደም ሥሩ ፈንድቶ አንጎል ውስጥ ሲደማ የሚመጣ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ አፍ ይጣመማል፣ እጅ ይዝላል፣ ቃል ይጠፋል። ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለተደፈነው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጣል። ያንኑ መድኃኒት ለሚደማው መስጠት በፈረሰው ቦይ ላይ ተጨማሪ ውኃ መልቀቅ ነው።

የምኒልክ ሐኪሞች ሁለቱን የሚለዩበት ምንም መሣሪያ አልነበራቸውም። ራጅ በዓለም ከታወቀ ገና 14 ዓመቱ ነበር፤ እሱም አጥንት እንጂ አንጎልን አያሳይም። የአንጎልን የደም ሥር በቀለምና በራጅ ማየት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1927 በፖርቱጋላዊው ኤጋስ ሞኒዝ ነው። ደምን ከድፍን የሚለየው ሲቲ ስካን ደግሞ የመጀመሪያውን በሽተኛ ለንደን ውስጥ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያላቸውን ወርቅ ሁሉ ቢያወጡ በዚያን ዘመን የሚገዛ መልስ አልነበረም።

ዛሬ መልሱ አለ። በሽተኛው ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ደም ካልፈሰሰና ትልቅ የደም ሥር መደፈኑ ከታየ የረጋውን ደም በመሣሪያ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። ሐኪሙ ብሽሽት ላይ ወይም እጅ አንጓ ላይ ባለው የደም ሥር ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ በራጅ እያየ በደረት አሳልፎ፣ በአንገት አውጥቶ አንጎል ውስጥ ያደርሰዋል። ጭንቅላት አይከፈትም።

እዚያ ከደረሰ በኋላ ምን ያድርግ? ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው መሣሪያ የቡሽ መክፈቻ የሚመስል ጥምዝ ሽቦ ነበር። የረጋውን ደም ወግቶ፣ ተጠምዝዞበት ይጎትተዋል። በግማሽ ያህሉ ሰው ላይ ሠራ፣ በግማሹ አልሠራም። ከዚያ የሽቦ መረቡ መጣ። መረቡ ተጣጥፎ በረጋው ደም ውስጥ ያልፋል፣ እዚያ ይዘረጋል፣ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ደሙ በመረቡ ዓይኖች ሲያዝ አንድ ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለቱን ያወዳደረው ጥናት ልዩነቱን አሳየ፤ መረቡ 61 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሲሳካለት ጥምዙ ሽቦ የተሳካለት በ24 በመቶው ብቻ ነው። ጥምዙ ሽቦ በዚያው ቀረ።

ሦስተኛው መንገድ መምጠጥ ነው። አፉ ሰፋ ያለ ለስላሳ ቱቦ የረጋው ደም ድረስ ይደርስና በፓምፕ ይሳባል፤ ደሙ ከቱቦው አፍ ጋር ተጣብቆ ይወጣል፣ ወይም ተቆራርጦ ይገባል። አራተኛው ሁለቱን ማጣመር ነው፤ መረቡ ሲይዝ ቱቦው ይመጣል።

የትኛው ይሻላል? ፈረንሳይ ውስጥ 381 በሽተኞችን የያዘ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱን አወጣ። የደም ሥሩ በደንብ የተከፈተላቸው በመምጠጫው ከጀመሩት 85.4 በመቶ፣ በመረቡ ከጀመሩት 83.1 በመቶ ሆኑ። ይህ ልዩነት በሳይንሱ ሚዛን ልዩነት አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 270 በሽተኞችን የያዘ የሰሜን አሜሪካ ጥናት ከሦስት ወር በኋላ ማን ራሱን ችሎ ይኖራል ብሎ ጠየቀ። በመምጠጫው 52 በመቶ፣ በመረቡ 50 በመቶ ሆነ። በዚህም መምጠጫው ከመረቡ እንደማያንስ ተረጋገጠ። ማጣመሩስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፈረንሳይ ጥናት የደም ሥሩ ሙሉ በሙሉ ወይም ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው የተከፈተላቸውን ቆጠረ። በተጣመረው 64.5፣ በመረቡ ብቻ 57.9 በመቶ ሆነ። የተሻለ ይመስላል፣ ግን ለማረጋገጥ የሚበቃ ልዩነት አይደለም ተባለ።

መምጠጫው ሥራውን ፈጠን ያደርጋል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል፤ ባልሠራ ጊዜ በመረቡ መቀጠል ይቻላል። መረቡ ደግሞ በብዙ ጥናት የተፈተነ ነው። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ሁለቱንም ያውቃል፣ የደም ሥሩን ቅርጽ አይቶ ይመርጣል፣ አንዱ እምቢ ሲል ወደ ሌላው ይሄዳል። በቱቦና በመረብ መካከል ያለው ልዩነት ሁለት በመቶ ገደማ ነው።

አሁን ሌላውን ልዩነት እንይ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጡት ታላላቅ ጥናቶች አምስቱ በአንድ ላይ ተደምረው ነበር፤ 1,287 በሽተኞች። የረጋው ደም በመሣሪያ ከወጣላቸው 46 በመቶው ከሦስት ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው ኖሩ። በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት 26.5 በመቶው ናቸው። ይህ ወደ ሃያ በመቶ የሚጠጋ ልዩነት ነው። ከመሣሪያ ምርጫ ይልቅ ትልቁ ነገር ሕክምናው ላይ መድረስ ነው ማለት ነው። መድረስ ደግሞ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ወደ ሙዝ ማሳችን እንመለስ። ቦዩ ሲደፈን ሁሉም ሙዝ በአንድ ጊዜ አይደርቅም። መሐል ያለው ቶሎ ይጠወልጋል። ዳር ያለው ግን ከጎረቤት ማሳ በሚሰርገው እርጥበት ጥቂት ይቆያል። አንጎልም እንዲሁ ነው፤ በጎን ካሉ ትናንሽ የደም ሥሮች በሚደርሰው ደም ለጥቂት ሰዓት የሚቆይ ክፍል አለ። መሣሪያው የሚያድነው ያንን ነው። ትልቅ የደም ሥር ሲደፈን በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው እስከ አራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው የሚሰጠው። መሣሪያው እስከ ስድስት ሰዓት፣ በምስል ተመርጠው ለሚገባቸው ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ይሠራል።

እንግዲህ የካምባውን አባት እናስብ። ሕመሙ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀመራቸው። ጎሜው ሲመከር 2 ሰዓት ሆነ። መኪና ሲፈለግ 3 ሰዓት ሆነ። የጋሞን ተራራ አቋርጠው አርባ ምንጭ ሲደርሱ እኩለ ቀን እየተቃረበ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በቱቦ ማውጣት የሚቻለው ልዩ የራጅ ክፍልና የሠለጠነ ቡድን ባለበት ትልቅ ማዕከል ብቻ ነው። ከካምባ ሆነው ሲያዩት ይህ ሕክምና ለምኒልክ በዘመን የራቀውን ያህል ለእኚህ አባት በመንገድ ይርቃል። ንጉሡ ሐኪም ነበራቸው፣ መሣሪያው ግን ገና አልተፈጠረም ነበር። ዛሬ መሣሪያው ተፈጥሯል፣ አባታችን ግን አልደረሱበትም።

መንገዱን ማሳጠር የመንግሥት ሥራ ነው። ሲቲ ስካን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ፣ አምቡላንስ ከስትሮክ ጋር ማስተዋወቅ፣ አርባ ምንጭን ከአዲስ አበባ ሐኪሞች ጋር በስልክና በምስል ማገናኘት ይጠበቅበታል። ከንጋት እስከ 3 ሰዓት በምክክር የጠፋው ጊዜ ግን የእኛ ነው። እሱን ማዳን ገንዘብ አይጠይቅም።

ማወቅ ያለብን ጥቂት ነገር ነው። ፊት ሲጣመም፣ አንድ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲበላሽ ስትሮክ ነው ብለን እንነሳ። መጀመሪያ ሰዓቱን እንያዝ፤ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት መቼ ነው? ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህን ነው። መዋጥ ሊያቅታቸው ይችላልና ምግብም ውኃም በአፋቸው አንስጥ። አስፕሪንም አንስጥ፤ ቦዩ የተደፈነ ይሁን የፈረሰ ገና አላወቅንም። ለመድኃኒቱም ለመሣሪያውም ሰዓቱ ቢያልፍ እንኳ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ካልደረሰው ይሻለዋል፤ ደም ግፊቱ ይታያል፣ ምግብ ወደ ሳንባው እንዳይገባ ይጠበቃል፣ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ ይጀምራል።

ሽማግሌ አይጠራ እያልኩ አይደለም። የጋሞ ሽማግሌ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ያወረደው እርቅ ስንት ደም አድርቋል። እርቁ ግን ነገም ይደርሳል። እንዲያውም ቃላቸው የሚሰማ ሽማግሌዎች መጀመሪያ መኪና ይጠራ፣ ከዚያ እንመካከራለን ቢሉ ከሐኪም ምክር ይልቅ የእነሱ ቃል ብዙ ሰው ያድናል። ጸበሉም እንደዚሁ ነው፤ ከሆስፒታል መልስ ይጠብቃል።

ከምኒልክ ሕመም የምንማረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ትልቁ ምት ከመምጣቱ በፊት ሦስት ዓመት ያህል ትናንሾቹ ሲመላለሱ ነበር። እጅ ለአፍታ ዝሎ ቢመለስ፣ ምላስ ለአሥር ደቂቃ ተሳስሮ ቢፈታ ሰው እፎይ ይላል፣ አለፈልኝ ይላል። አላለፈም፤ ገና እየመጣ ነው። በምኒልክ ዘመን ለዚህ ክኒን አልነበረም። ዛሬ የደም ግፊት መለኪያ በየጤና ጣቢያው አለ፤ ክኒኑም በቱቦና በመረብ ከሚሠራው ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ከቁጥር አይገባም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ሲያዩ ካልነኩት የማይሆንላቸው ሰው ነበሩ። ያ የሽቦ መረብ በዘመናቸው ተሠርቶ ቢሆን ተቀብለው፣ አገላብጠው፣ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሳይጠይቁ አይለቁትም ነበር። እሳቸው ያላገኙትን የካምባው አባት ሊያገኙት ይችላሉ። ከአልጋቸው አጠገብ ያለ ሰው በመጀመሪያው ሰዓት መኪና ከጠራላቸው።